መሪው ይጫወታል

ገና ርዕሱን አይቶ «ደግሞ ዛሬ በማን ላይ ተነሣ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተረጋጉ። ዛሬ የማወራው ስለ መኪና መሪ ነው፤ ያውም ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን መሪ። ስለ ሌላው ዓይነት መሪ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፍ ይሆናል። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል የጠራቸው ግን ቋንቋችን እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በመሀል የሚምታታ ነገር ቢኖር ኃላፊነቱን ቋንቋው ይውሰድ።

ቃሉ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የመኪናችን መዝገበ ቃላት ከሞላ ጎደል ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ስኮርታ... ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ የቆየው ጠላት ሲባረር ቃሉን ይዞ አልሄደም። መርካቶ ራሷ በእርሱ ስም ትጠራለች፤ የአገሬውን ነጋዴ ከአራዳ ገበያ ለይቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የተከላት ገበያ ናት። ከዚህ ሁሉ መካከል መሪን ግን እኛው ሰየምነው። መሪው የአገር ልጅ ነው፤ ፍሬኑ ከውጭ የመጣ ነው። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ቮልሷ የአባቴ ነበረች። አባቴ መምህር ነበሩ፤ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የገዟት ብቸኛ ትልቅ ንብረታቸው እርሷ ናት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ አገራችን በግራ መንዳቱን ትታ በቀኝ መንዳት በጀመረችበት ዓመት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በእንዲህ ያለችው መኪና ነበር። ሁለት በር ብቻ ያላት ናትና ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ ጎንበስ ብሎ መግባት ግድ ነው። በዚያ ሰሞን አባቴ ቮልሳቸውን ከግቢ ሳያወጡ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር እናቴ ትነግረናለች። ከኀዘን ይሁን ከፍርሃት ወይም ከሰው ቀልድ ለመሸሽ፣ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም።

የመሪው ነገር የተገለጠልኝ ከሱሉልታ ስንመለስ ነው። ከእኔ ጋር የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነበረች። ሰማዩ ዳምኗል፤ ነፋሱ ከጎን ይመታል። ወደ አዲሱ ገበያ የሚያወርደውን ቁልቁለት እንደ ጀመርን ከፊታችን ሲኖትራክ መጣ፤ ሕዝቡ ቀለሙንና አደጋውን አይቶ «ቀይ ሽብር» ያለው ዓይነት። ባጠገባችን ሲያልፍ የገፋው አየር ቮልሷን ወደ ቀኝ ወሰዳት። መሪውን ወደ ግራ አዞርሁ፤ ምንም አልሆነም። ጨምሬ አዞርሁ፤ በድንገት ከሚገባው በላይ ወደ ግራ ተወረወረች። መለስሁ፤ እንደገና ምንም። በእጄ መዞርና በጎማው መዞር መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ መኪናዋ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ስትገባ የማንም አይደለችም። ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ ለጥቂት አለፈን።

ልጄ አልጮኸችም። ጥቂት ቆይታ፣ «አባዬ፣ መንገዱ ነው ወይስ እኛ ነን የምንወላገደው?» አለችኝ። «መንገዱ ነው» አልኋት። ዋሸሁ።

ቤት ደርሰን፣ መኪናዋን አቁሜ፣ መሪውን በጣቴ ወዲያና ወዲህ ብወዘውዘው የፊት ጎማው ሳይነቃነቅ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅደው ከሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። እንዲህ የሆነው በአንድ ቀን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲላላ እጄም ጥቂት ጥቂት ሲለምደው፣ የማልነዳትን መኪና የምነዳት እየመሰለኝ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

በማግስቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት፤ ስሙ ይቅር። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ወጣቱ መካኒክ የፊቱን ኮፈን ከፈተ፤ (ሞተሯ ከኋላ ነውና ከፊት ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ነው) ስኮርታውን አወጣ፤ ከበስተጀርባው ያለችውን ክዳን አንሥቶ በመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ አጠበቀ። ወዘወዝሁት፤ ጨዋታው ጠፍቷል። ደስ አለኝ። ገንዘቡን ከፍዬ፣ ለረዳቱም ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ።

ደስታዬ የቆየው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ዞሬ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው አልተመለሰም። ጤነኛ መኪና ከመታጠፊያ ስትወጣ መሪው በራሱ ወደ መሀል ይመለሳል፤ የእኔው ግን ባዞርሁት በኩል ነክሶ ቀረ፤ እንደ ግትር በቅሎ ጎትቼ መለስሁት። ቀጥ ባለው መንገድ ላይም መዋለሉን አልተወችም። ቀድሞ በላላ መሪ ትዋልል ነበር፤ አሁን በጠበቀ መሪ ትዋልላለች። ልዩነቱ አሁን እጅ ያማል።

በዚያው ሳምንት ቨርጂኒያ ከሚኖር የአጎቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወጋ ሳቀብኝ። እርሱ እ.ኤ.አ. የ1968 ፎርድ ሙስታንግ አለው፤ አሜሪካኖች በትልቅ ሞተሯ የሚመኩባት፣ ጉልበተኛ የሚሏት ዓይነት መኪና። «ሦስት መቶ ፈረስ ጉልበት ቢኖርህ መሪህ ካልታዘዘ ምን ይረባሃል?» ይላል። እርሱም መጀመሪያ የወቀሰው የመሪውን ሳጥን ነው። አዲስ ሳጥን በፖስታ አስመጥቶ በሁለት ቅዳሜ ገጠመው፤ በሽታው ግን ነቅነቅ አላለም። በመጨረሻ የተገኘው ከሳጥኑ በታች ባለ አንድ የተበላ ክንድና በመሪው ዘንግ ላይ ባለች የተቀዳደደች ጎማ ውስጥ ነው። አዲሱ ሳጥን ጤነኛውን ተክቶ ተቀምጧል።

«ሳጥኑን ተወው፤ ከሳጥኑ በታች እይ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የሄድሁት እንዲህ ነው። ሶማሌ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ባለመኪና የለም። ማታ የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ጠዋት ሄደህ ከዚያው ትገዛዋለህ ይባላል፤ ቀልዱ ያረጀ ነው፤ የሚስቅበት ግን አሁንም አላነሰም። እኔ ግን ሌላውን ሶማሌ ተራ ልመሰክር እወዳለሁ። በየሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ፣ ተቆልሎ፣ በሽቦ ታስሮ ያለውን ብረት በጨለማ በእጁ ዳስሶ «ይኼ የፔጆ ነው፣ ያ የላዳ ነው» የሚል ሰው ያለው እዚያ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማረው፣ ማስረጃ ወረቀት የሌለው፣ ከተማዋን በጎማ ላይ ያቆመ ዕውቀት ነው።

ከመደብሮቹ ጀርባ፣ ሁለት መኪና ብቻ በምትይዝ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ በቮልስ ላይ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። መኪናዋን ገና ከበሩ ስትገባ አይተው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ መሪው አልነበረም።

«ነፋስ ማን ሞላልህ?»

ጎሚስታው መሆኑን ነገርኋቸው። በመለኪያቸው ቢያዩት አራቱም ጎማዎች እኩል፣ እንደ ሌላው መኪና ሁሉ ሠላሳ ተሞልተዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ አፍንጫዋ ቀላል ናት፤ ስለዚህ የፊት ጎማዋ ከኋላው በጣም ያነሰ ነፋስ ነው የሚፈልገው፤ ከፊት አሥራ ሰባት አካባቢ፣ ከኋላ ሃያ ስድስት አካባቢ። ከፊት በጣም ሲሞላ ጎማው መንገዱን በወጉ አይጨብጥም፤ ከጎን የመጣ ነፋስ ሁሉ ያዞራታል። ለሁሉም እኩል መስጠት ፍትሕ የሚመስለው ለጎሚስታ ብቻ አይደለም፤ ግን ይለፈን።

ቀጥሎ በክሪክ አንሥተው የፊቱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ አደረጉት። ቀጭ ቀጭ ይላል። «ፍሬን ርገጥ» አሉኝ፤ ረገጥሁ። እንደገና ገፉት፤ አሁንም ቀጭ ይላል። ያን ጊዜ የገባኝ ጥበብ ይህ ነው፦ ፍሬን ሲያዝ ድምፁ ቢጠፋ ኖሮ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነበር፤ ፍሬን ተይዞም ካልጠፋ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶና ማያያዣ ካስማዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ በአንድ እግርና በሁለት እጅ የተደረገ ምርመራ።

ከዚያ መኪናዋን መሬት አስቀመጡ፤ እኔን ከመሪው ጀርባ አስቀምጠው እርሳቸው በካርቶን ላይ ተንጋለው ከሥር ገቡ።

«ወዝውዝ። በቀስታ። እኔ ቁም እስክልህ አታቁም።»

ሩብ ሰዓት ያህል ወዘወዝሁ። እርሳቸው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ መዳፋቸውን እያሳረፉ የእጄ ትእዛዝ የት እንደሚጠፋ ይከታተላሉ። መጀመሪያ የመሪውን ዘንግ ከሳጥኑ ጋር የምታያይዘው ክብ የጎማ ሰሌዳ፤ ተሰነጣጥቃለች፤ ጥቂት ትበላለች። ቀጥሎ ሳጥኑ ራሱ፤ ጥቂት። ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለ፣ ባጠቃላይ አራት፤ ሦስቱ ጥቂት ጥቂት ይላላሉ፣ አንዱ በጣም። በመጨረሻም የጎማው ምሰሶና ካስማዎች፤ ጥቂት።

«አንዱም ብቻውን አይገድልህም» አሉ ከሥር ሆነው። «ሲደመሩ ነው።»

ሳጥኑን ያጠበቀው ልጅ የሠራውን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ የማየው ነገር ነው አሉና አስረዱኝ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ አብዝቶ የሚበላው መሀል ለመሀል ነው፤ ምክንያቱም መኪና ዕድሜዋን በሙሉ አብዝታ የምትሄደው ቀጥ ብላ ነው። ዳርና ዳሩ ግን እንደ አዲስ ነው። መሀሉ ላይ ያለውን ክፍተት ለመዝጋት ብሎኑን በኃይል ስታጠብቅ መሀሉ የተስተካከለ ይመስልሃል፤ ስትታጠፍ ግን ያልተበላው ዳር ይነክሳል። አለመመለሱ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እንደ ነከሰ በነዳኸው ቁጥር ጤነኛውን ጥርስ ትፈጨዋለህ። ሌላ ቦታ ያለን ልልነት ሳጥኑ እንዲከፍል ማድረግ ማለት ነው።

ስለ መኪና ብቻ አወራለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ካርቶን አጠገብ ቆሜ ያሰብሁትን ብደብቅ አንባቢዬን ማታለል ይሆንብኛል። አሥራ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። መመሪያ ከላይ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነበር። መምሪያ ኃላፊው ዘንድ «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትል ቃል ትገባበታለች፤ ቡድን መሪው ዘንድ አንድ ሳምንት ያድራል፤ ክፍለ ከተማ ሲደርስ አንዱ አንቀጽ «ገና አልተብራራልንም» ይባላል፤ ወረዳ ላይ ያለችው ባለሙያ ያላትን ቅጽ ታስሞላለች፤ ቅጹ ደግሞ የድሮው መመሪያ ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አላመፀም። እያንዳንዱ የላላው ጥቂት ነው። ባለጉዳዩ ግን በመስኮቱ ፊት ቆሞ መሪው ወደ ግራ እንደ ዞረ እየሰማ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከላይ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብሎኗን ያጠብቃሉ። ግምገማ ይጠራል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ የበላይ ኃላፊው ይቀየራል፤ አዲሱም መሪውን ጨብጦ ከታች ያለውን ሳያይ ያጠብቃል። እኛ ጸሐፊዎችስ? እኛም ብንሆን ስንት ዓመት የጻፍነው መሪውን ስለ ጨበጠው እጅ ነው። መዳፉን በየመጋጠሚያው ላይ አሳርፎ የጻፈ ስንት ነው? እኔ አንድም ቀን አላደረግሁትም።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ጋሼ የሚገዛውን ዕቃ በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፈው ሰጡኝ፤ ገዝቼ የመጣሁት ግን ሁለት ጊዜ ተመለሰ። መጀመሪያ ያመጣኋቸው የዘንግ ጫፎች ለሌላ ዘመን ቮልስ የተሠሩ ኖረዋል፤ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የፊት እግሩን አሠራር ለውጧልና ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሁሉ አይገጥምም። ሁለተኛ ያመጣኋቸው ደግሞ ሁሉም ወደ ቀኝ የሚጠብቁ ናቸው። ዘንጉን ማስረዘምና ማሳጠር እንዲቻል አንደኛው ጫፉ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ መጥበቅ አለበት። ሻጩን «ወደ ግራ የሚጠብቅ የለህም?» ብለው «ጋሽዬ፣ ግራ ድሮ ቀረ» አለኝ። የአባቴን ትውልድ አስታውሶኝ ሳቅሁ። ዞሮ ዞሮ ግራውም ከአንድ መደርደሪያ ሥር፣ በሰም ወረቀት እንደ ተጠቀለለ ተገኘ።

ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴም ይህን ገጽ ታነባለች። ሻጩን ስከራከረው ግን ያነሣው ሁሉ እውነት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገለ መኪና ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ ወዲህ ሰው አሮጌውን አይጥልም፤ ያስጠግናል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ አገር ውስጥ ያለው የቀረ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቅርስ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ የተኛው ብረት ሁሉ ተኝቶ እያለ ተወደደ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው፤ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታ። ሻጩ ይህን ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ከነገረኝ በኋላ ሃምሳ ብር ቀነሰልኝ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ካስማዎቹ የሚገቡባቸው ቡሽንጎች ወደ ቶርኖ ቤት ሄደው በልክ ተፍቀው መጡ። ጋሼ ቀጫጭኖቹን የብረት ቀለበቶች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ገጠሙ፤ አንዷ ቦታዋን ብትስት ጎማው አቅጣጫውን ይስታል አሉኝ። አራቱም የዘንግ ጫፎች ተቀየሩ፤ የጎማዋ ሰሌዳ ተቀየረች፤ የደረቀው ሁሉ አዲስ ግራሶ እስኪተፋ ጠጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሳጥኑ የተመለሱት። መጀመሪያ ያን የጠበቀ ብሎን ሙሉ በሙሉ አላሉት። ከዚያ ጎማዎቹ በአየር ላይ ቀጥ ብለው ሳለ ብሎኗን በሁለት ጣት ብቻ፣ ጥርሱን ስትነካ እስኪሰማቸው ድረስ አዞሩና ዳዶውን አሰሩ። የፊቱን ጎማዎች አቅጣጫ ያስተካከሉት በሲባጎና በአንድ ቀጥ ያለ እንጨት ነው።

ወዘወዝሁት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አሁንም ይጫወታል።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀረች» አልኋቸው።

«እርሷን አትንካት» አሉ እጃቸውን በነዳጅ እየታጠቡ። «ፋብሪካውም አልነካት።»

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ በዚያው ቁልቁለት ወረድሁ። ከምናወጋው ሁሉ መሀል ሲኖትራኩ መጣ፤ አለፈን፤ ቮልሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ልጄ መሪውን አተኩራ ስታይ ቆይታ፣ «አባዬ፣ መንገዱ ቀጥ ብሏል፣ መሪው ግን ጠሟል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በመሪው መሀል ያለው የፋብሪካው ምልክት ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ መሪውን ነቅሎ ሲመልሰው አንድ ጥርስ አሳልፎ ገጥሞት ኖሯል። ጋሼ ጋ ደወልሁ። የመሪውን ዳዶ የሚፈታውን ትልቁን ቁልፍ ጎረቤታቸው ከፋሲካ በፊት ተውሷቸው እስካሁን አልመለሰም።